ከደህናው እግሬ ለምን ቆረጡኝ?

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በር ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ታክሲው ታች አውርዶን ዳገቱን በእግራችን ነው የወጣነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው እንኳ ደረት ይፈትናል። አንዷ ተማሪ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ሲስተር፣ እባክዎ ትንሽ እንረፍ" አለችኝ።

"እንረፍ። ግን እጅሽን ከዚያ አታንሺ" አልኳት። ሌሎቹንም እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ነገርኳቸውና ጠየቅኳቸው፤ "ስትተነፍሱ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነው? ሳንባው ነው ወይስ ደረቱ?"

ክርክር ተነሣ። ገሚሶቹ ሳንባው አየር ሲሞላ ደረትን ይገፋዋል አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። የደረት ግድግዳው ወደ ውጭ፣ ከሳንባው ሥር ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ወደ ታች ሲሄዱ ሳንባው ተከትሏቸው ይሰፋል። የሚከተላቸውም በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ነው። ቢላ ወይም ጥይት ያንን ክፍተት ከበሳው የውጭ አየር ይገባል፤ ሳንባው ተሰብስቦ ይቀራል። የደረት ቀዶ ሕክምና ዋናው ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። ሐኪሙ ደረት በከፈተ ቁጥር ይህን ሚዛን ያፈርሳል፤ ሲዘጋ ደግሞ መመለስ አለበት። ትምህርቱ እንዲህ በሩ ላይ ተጀመረ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ጥቅምት መግቢያ ነበር። ልጆቹ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በሚቀጥለው ሰኞ የደረትና የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ክፍል ለልምምድ ይገባሉ። መለማመጃ ክፍላችን በፈተና ተይዞ ስለነበር ካርቶኔን አሸክሜያቸው ወደ ማዕከሉ ወጣን። ካርቶኑ ውስጥ ከአገልግሎት የወጡ ክላምፖች (መቆንጠጫዎች)፣ አፉ የተበላ ኒድል ሆልደር (መርፌ መያዣ)፣ ጊዜው ያለፈበት የፕሮሊን ክር፣ የላስቲክ ቱቦና አንድ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነበሩ።

ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው፤ 705 ሄክታር ይሸፍናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ያ ተራራ ከሞላ ጎደል ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። አሁን ባሕር ዛፉ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በቦታው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ይተከላል። አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ነጠላዬን አንጥፌ ዕቃዎቹን ደረደርኩ። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ።

እንደ ተቀመጥን አንዱ ልጅ ብዙዎቹ በሆዳቸው የያዙትን አወጣው። "ሲስተር፣ ይህን ሁሉ ማወቅ ለሐኪሙ አይደለም? እኛ እኮ ዕቃ አቀባዮች ነን።" ልጁ በድፍረት አልተናገረም፤ ቅር ብሎት ነው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የመጀመሪያውን የደረት ቀዶ ሕክምና ያየሁበትን ቀን ነገርኳቸው።

ከጥዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የኖረ ነው። በልጅነቴ ጎረቤት "ጴጥሮስ ገባ" ሲባል እናቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እኔ የማወራላቸው በሽተኛም በዚሁ በሽታ የተጎዳ ልጅ ነበር፤ ሕክምናውን ያገኘው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከገጠር ከአባቱ ጋር የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት። መድኃኒቱን ጨርሷል፤ ጀርሙ ጠፍቷል። ነቀርሳው የቦረቦረው የግራ ሳንባው የላይኛው ክፍል ግን ደም ያስተፋዋል። የግራ ሳንባ ሁለት ክፍል ነው፣ የቀኙ ሦስት። የተበላሸው የላይኛው ክፍል እንዲወጣ ተወሰነ።

እኔ ገና ጀማሪ ስለነበርኩ ስክራብ ያደረገችው፣ ማለትም ታጥባ ለሐኪሙ ዕቃ የምታቀብለው፣ በዕድሜም በሙያም የምትበልጠኝ ሲስተር ነበረች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እመለከታለሁ። ልጁን በቀኝ ጎኑ አጋደሙት። ከታች የዋለው ክንድ ነርቭ እንዳይጫን ከብብቱ ዝቅ ብሎ ጥቅል ጨርቅ አደረጉለት፤ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ገባ፤ ዳሌው በሰፊ ፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር ተያዘ። የአኔስቴዚያ ባለሙያው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ የቀኙ ሳንባ ብቻ እንዲተነፍስ አደረገ። ሐኪሙ በአምስተኛውና በስድስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ገባ። ከዚያ አርጀንቲናዊው ሐኪም ኤንሪኬ ፊኖኪየቶ የፈለሰፈው ማስፊያ ተሰጠው። እጀታው ሲዞር ሁለቱ ክንዶች የጎድን አጥንቶቹን ያራርቃሉ። ጥቂት ያዞራል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ያዞራል። የተቻኮለ እጅ የጎድን አጥንት ይሰብራል።

ሲስተሯ ከመጀመሪያው የምላጭ ጭረት በፊት ያደረገችውን ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ከዕቃ ማስቀመጫው ጠረጴዛ፣ ከማዮ ስታንዱ፣ አንድ ጥግ ላይ ለይታ ያስቀመጠቻቸው ዕቃዎች ነበሩ። ጎዝ የተጠቀለለበት ረጅም መያዣ፣ ግድግዳን ከጎን የሚይዘው ሳቲንስኪ ክላምፕ፣ ኒድል ሆልደር ላይ የተጫነ 4-0 እና 5-0 ፕሮሊን። ሌላ ዕቃ ሁሉ ይነሣል ይመለሳል፤ እነዚህን ማንም አልነካቸውም። ቀዶ ሕክምናው ተጋምሶ ሐኪሙ ከነቀርሳው ጠባሳ ጋር የተጣበቀውን የሳንባ ደም ወሳጅ ቅርንጫፍ ሲያላቅቅ ቅርንጫፉ ተቀደደ። የቀኝ ልብ የሚረጨው ደም ሁሉ በዚህ ዛፍ ነው የሚያልፈው፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው። ደሙ ተነሣ፤ ማንም ምንም አልተናገረም። ሐኪሙ ዓይኑን ከደረቱ ሳያነሣ እጁን ሲዘረጋ ጎዝ የተጠቀለለበት መያዣ መዳፉ ውስጥ ነበር። ተጫነው። እጁን እንደገና ዘረጋ፤ ሳቲንስኪው ገባ። ቀጥሎ ክሩ። አንድም ዕቃ በስሙ አልተጠራም።

በኋላ እጃችንን ስንታጠብ፣ "ምን እንደሚፈልግ እንዴት አወቅሽ?" አልኳት። "ምን ሊበጠስ እንደሚችል ስለማውቅ" አለችኝ። ተማሪዬ አቀባዮች ነን ላለው መልሴ ይኸው ነበር። የሰውነት አሠራር የማያውቅ ሰው የሚጠራውን ዕቃ ያቀብላል። የሚያውቅ ግን ሐኪሙ የሚደርስበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል። በደም ሥርና በደረት ቀዶ ሕክምና በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

የበሽተኛው ልጅ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ሲዘጋ ሁለት ቱቦ ተደረገለት፤ አንዱ ወደ ላይ አየሩን፣ ሌላው ወደ ታች ፈሳሹን እንዲያወጡ። ከቀናት በኋላ ለራጅ ሲወሰድ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። አልጋውን አንድ ሰው ይገፋል። አባትየው ከጎን ይሄዳሉ። ቱቦዎቹ የተያያዙበት ጠርሙስ እንዳይሰበርባቸው በጋቢያቸው ጠቅልለው ከደረታቸው ጋር አቅፈውታል። ከልጃቸው ደረት በላይ ማለት ነው። ያቺው ሲስተር ከወዲያ ጫፍ አይታ ሮጠች። "አባባ፣ ዝቅ ያድርጉት! ወደ መሬት!" አባትየው ደንግጠው ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። የተሳሳተ ነገር እንዳደረጉ ገብቷቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ለካ ያንን ጠርሙስ ለተሸከሙት ሰው ጠርሙሱ ምን እንደሚሠራ የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጥዱ ሥር ከካርቶኑ መጀመሪያ ያወጣሁት ጠርሙሱን ነበር። ውሃ አደረግሁበት፤ የቱቦውን ጫፍ ከውሃው በታች ሁለት ሴንቲ ሜትር አስገባሁ። ያ "አቀባዮች ነን" ያለው ልጅ እንዲነፋበት ሰጠሁት። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። "አሁን ደግሞ ሳበው" አልኩት። ውሃው ቱቦው ውስጥ ጥቂት ከፍ አለ፤ አየር ግን አልገባም። በሽተኛው ሲተነፍስ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እንዲህ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲያስል አረፋ ከወጣ ሳንባው ገና አየር ያፈሳል። ውሃው መንቀሳቀስ ካቆመ አንድም ሳንባው ሞልቶ ደረቱን ነክቷል፣ አንድም ቱቦው ታጥፏል ወይም በደም ተደፍኗል፤ የቱ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ጎትሃርድ ቡላው ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ዛሬ ጠርሙሱ በብዙ ቦታ በፕላስቲክ ሣጥን ተተክቷል፤ ውሃውና ሁለት ሴንቲ ሜትሩ ግን አልተቀየሩም።

ከዚያ ቱቦውን ውሃ ሞላሁና ጠርሙሱን ከራሴ በላይ አነሣሁት። ውሃው በቱቦው ተመልሶ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቱቦውን በክላምፕ ቆልፎ መርሳትም ከዚህ አይተናነስም። ሳንባው አየር እያፈሰሰ መውጫው ከተዘጋ አየሩ ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ይገፋል፤ በሽተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ልጆቹ ጠርሙሱን እየተቀባበሉ ደጋግመው ሞከሩት። አንዷ ቱቦው የሚገባው ለምን በጎድን አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል እንደሆነ ለጓደኞቿ ስታስረዳ ሰማኋት። ነርቩና የደም ሥሮቹ የሚሄዱት በአጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ሥር ስለሆነ ነው። ደስ አለኝ።

ወደ ደም ሥር ስንሻገር ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። ከተማሪዎቹ የአንዷ አባት ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ እናቷ ጥልፍ ትጠልፋለች። ፕሮሊኑን ሳወጣ እጇን ዘረጋች። ክሩ በሁለቱም ጫፍ መርፌ አለው፤ ሰማያዊ ነው፤ 6-0 ሲሆን ከፀጉር አይወፍርም። ሌሎቹ ክሩን በዕቃ ጫፍ ሊይዙት ይሞክራሉ። እሷ መርፌውን በኒድል ሆልደሩ ከመካከሉ አለፍ አድርጋ ያዘች፤ ክሩን ግን በጣቷ ብቻ እየመራች ሳይጠላለፍ ዘረጋችው። ያ ክር በብረት ከተቆነጠጠ ይጎዳል፤ በኋላ በደም ግፊት ይበጠሳል። ሥራ ላይ የማይውለውን መርፌ ለጊዜው በክላምፕ መያዝ ካስፈለገ የክላምፑ አፍ ጎማ ይለብሳል። ማንም ይህን ሳያስተምራት ጣቶቿ ያውቁት ነበር።

የፈረንሳዊውን ሐኪም የአሌክሲ ካሬልን ታሪክ ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጋ፤ ቢላው ትልቅ የሆድ ደም ሥር ቆርጦ ነበርና ሐኪሞቹ ሊሰፉት አልቻሉም፤ ሞተ። ካሬል ያኔ በዚያው ከተማ ወጣት የሕክምና ተማሪ ነበር። የደም ሥር መሰፋት አለበት ብሎ ተነሣ። መርፌ አያያዝ የተማረው ግን ከሐኪም አይደለም፤ ወይዘሮ ለሩዲየ ከምትባል የሊዮን ጥልፍ ጠላፊ ነው። በ1902 ዘዴውን አሳተመ። የተቆረጠውን የደም ሥር በሦስት ክር ወጥሮ ክቡን ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል፤ ከዚያ በየጎኑ ይሰፋል። እንዲህ ሲሆን መርፌው የተቃራኒውን ግድግዳ ይዞ ቀዳዳውን አይዘጋውም። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የአካል ንቅለ ተከላ መንገድም የተከፈተው በዚህ ስፌት ነው። እዚሁ ጉለሌ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ውስጥ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲሠራ፣ ኩላሊቱ ሕይወት ያገኘው የደም ሥሮቹ ከተቀባዩ የደም ሥሮች ጋር ሲሰፉ ነው። የሽሮ ሜዳዋ ልጅ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። እናቷ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አሰብኩ።

በመካከሉ አንድ ሰው ከኋላችን ቆመው ኖሯል። የማዕከሉ ሠራተኛ ናቸው፤ የፕላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል፤ እጃቸው ላይ አፈር አለ። "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። ይኼ የምን ትምህርት ነው?" አሉ።

"የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ነው ጋሼ" አላቸው አንዱ።

ጥቂት አሰቡና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ቦቱን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉ። ከቀኝ ጉልበታቸው በላይ፣ በጭናቸው የውስጥ በኩል፣ ረጅም ጠባሳ አለ። በማዕከሉ ከመቀጠራቸው ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ ምሳሩ ሸርተት ብሎ መታቸው። ጓደኛቸው ነጠላውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ተጭኖ፣ እስከ ሆስፒታል ሳይለቅ አደረሳቸው። ይህን ሲናገሩ የዚያን ጓደኛቸውን ስም ደጋግመው ያነሡ ነበር። ቀጥለው የግራ እግራቸውን ገለጡ። እዚያም ጠባሳ አለ፤ ከብሽሽት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል።

"የተመታሁት ቀኙን ነው" አሉ። "ከደህናው እግሬ ለምን ቆረጡኝ? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ለግራዋ ስፈራላት ነው የኖርኩት፤ ከባድ ነገር ስሸከም አልረግጥባትም። ሥሯን ያወጡባት ይመስለኛል።"

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዝም አልኩ። መልሱን ያውቁታል፤ ማወቃቸውን ግን ገና አላወቁም ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሽሮ ሜዳዋ ልጅ ተጠግታ ተንበረከከች።

"ጋሼ፣ ምሳሩ የቆረጠው ደም ወደ እግርዎ የሚያወርደውን ትልቁን የደም ሥር ነው። የተጎዳው ጫፍ ተቆርጦ ሲወገድ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም፤ መሐሉ ይጎድላል። የጎደለውን የሚሞላ የደም ሥር ያስፈልጋል። ከቆዳ ሥር የሚሄድ፣ ከእግር ወደ ላይ ደም የሚመልስ አንድ ረጅም የደም ሥር አለ። እሱ ቢወጣ እግር አይጎዳም፤ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ሥራውን ይሠሩታል። የወሰዱት እሱን ነው።"

"ታዲያ ከቀኙ ለምን አልወሰዱም? እሱ የተቆረጠ ነው።"

"ቀኙ ውስጥ ያለው ትልቁ የመመለሻ ደም ሥርም አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ከተጎዳ ደሙ የሚመለሰው በዚያው በቆዳ ሥሩ ነው። እሱንም ቢያወጡት እግሩ ያብጥ ነበር። ለዚህ ነው ከደህናው የሚወሰደው።"

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። የተወሰደው የደም ሥር ውስጡ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ክዳኖች አሉት፤ ስለዚህ ሲገባ ተገልብጦ ነው የሚሰፋው። "ይህ ደግሞ የእናንተ ኃላፊነት ነው" አልኳቸው ለተማሪዎቹ። የደም ሥሩ ወጥቶ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት የጨው ውሃ (ሳላይን) ውስጥ ሲቀመጥ የትኛው ጫፍ ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበር ምልክት ተደርጎበት፣ ስክራቧ በቃሏም በዓይኗም መያዝ አለባት። ጠረጴዛው ላይ ያለ ሄፓሪን ሁሉ ስሙ ይጻፍበታል። ሐኪሙ ክላምፕ ከማድረጉ በፊት ሄፓሪን በደም ሥር ይሰጥ ሲል፣ መሰጠቱ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነገራል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። በሽተኛው ለቀዶ ሕክምናው ሲታጠብም ሁለቱም እግሮች ከብሽሽት እስከ ጣት ይታጠባሉ። ሁለት እግር የሚታጠብለት ሰው ነቅቶ መናገር የሚችል ከሆነ ለምን ሁለት እንደሆነ ይነገረዋል።

ልጅቷ የቀኝ እግራቸውን የላይኛውን ገጽ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና ቆም አለች። ጣታቸውን ወስዳ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። "ይሰማዎታል? ከግራው የመጣው ነው እስከዚህ ደም የሚያደርሰው።" ጋሼ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆዩ። "ይመታል" አሉ። ከዚያ፣ "ይኼን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነው። መልስ የሰጣቸው አልነበረም፤ እኔም አልነበረኝም። ቦት ጫማቸውን አድርገው ለምሳ የያዙትን ዳቦ አካፍለውን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሙያችን ማውራት ቀላል ሆነና የሁለት ሰዎችን ታሪክ አነሣሁላቸው። ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሐኪም ከመሆኑ በፊት፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የስክራብ ሥራ ይሠራ ነበር። በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ለማውጣት ረጅም ሥጋ ሲቀደድ፣ እግርም ሲቆረጥ፣ ሰውም ሲሞት እያየ አደገ። በኋላ የጓንት ጣት ጫፍ ቆርጦ በቀጭን ካቴተር ጫፍ ላይ በእጁ አሠረው። ፊኛው ባዶውን የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፤ ከዚያ ተነፍቶ ደሙን እየጎተተ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ዋለ። ዛሬ ፎጋርቲ የሌለበት የደም ሥር ዕቃ አይታሰብም። ቪቪየን ቶማስ ደግሞ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበር። ጥቁር በመሆኑና ገንዘብ በማጣቱ ሐኪም የመሆን ዕድል አላገኘም። በኦክስጅን እጥረት ቆዳቸው ሰማያዊ የሆኑ ሕፃናትን ልብ የሚረዳውን የደም ሥር ቅጥያ በውሾች ላይ የሞከረውና ያስተካከለው እሱ ነው። በኖቬምበር 1944 ሐኪሙ አልፍሬድ ብሌሎክ ለመጀመሪያዋ ሕፃን ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርግ ቶማስ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ ይመራው ነበር። የክብር ዶክትሬት የተሰጠው በ1976 ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል የዘገየ ክብር ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። የኛ አገር ልጆች ልብም ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ውጭ አገር ካልተሄደ የማይታከም ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበር ባደረገው ጥረት በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ሲከፈት በብዙ ቤት ተስፋ ገባ። በዚያ ማዕከል የኦፕራሲዮን ጠረጴዛዎች ዙሪያም ስማቸው የማይጻፍ ስክራቦች ቆመዋል።

ሰኞ ልጆቹ ገቡ። የሽሮ ሜዳዋ ልጅ የደረሳት በሽተኛ ኩላሊታቸው የደከመ እናት ነበሩ። ለዲያሊሲስ መርፌ የሚሆን የደም ሥር ለማበጀት ክንዳቸው ላይ ደም ወሳጁ ከደም መላሹ ጋር ሊሰፋ ነው። ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት በሩ አጠገብ ጋሪያቸው ላይ ሳሉ ጎንበስ ብላ ስታናግራቸው አየሁ። ምን እንደሚደረግላቸው፣ ለምን በዚያ ክንድ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ክንድ የደም ግፊት እንዳይለካ፣ ደምም እንዳይቀዳ መናገር እንዳለባቸው፣ በየዕለቱም ቆዳቸው ላይ ንዝረቱን እንዲዳስሱ ነገረቻቸው። "እሺ የኔ ልጅ፤ በየቀኑ እዳስሳለሁ" አሏት። ውስጥ ገብታ ሁለተኛ ስክራብ ሆና ቆመች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ማግኔቱ ላይ አስቀመጠች፤ ከመዘጋቱ በፊት ጎዝና መርፌ ሲቆጠር ቁጥሩ ሞላ። ክላምፑ ሲለቀቅ ደም መላሹ ሞላና ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ጣቱን አሳርፎ ራሱን ነቀነቀ።

ይህን የምጽፈው ለተማሪዎች ብቻ አይደለም። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ጋቢ ለብሰው ጠርሙስ ይዘው የሚቆሙትን አስቤ ነው። ወንድምህ ወይም አባትሽ ደረቱ ላይ ቱቦ ካለው ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች ይሁን፤ አልጋ ላይ አይቀመጥ፣ አይታቀፍ። ቱቦውን ነርስ ወይም ሐኪም ሳያዝዝ አትቆልፉት፤ ሲታጠፍ አስተካክሉት፤ ከተነቀለ ወዲያው ጮኻችሁ ጥሩ። ሰው በስለት ተመትቶ ደሙ ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ቁስሉ ላይ በሁለት እጃችሁ ተጫኑ፤ ሐኪም እስኪረከባችሁ አትልቀቁ። ቀዶ ሕክምና ልትገቡ ስትሉም፣ ከየትኛው እግር፣ ከየትኛው ክንድ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የሚያስረዳችሁ ሰው ካላገኛችሁ ስክራብ ለብሳ የቆመችውን ነርስ ጠይቁ፤ ማስረዳት የሥራዋ አካል ነው።